አንድ ትኬት ለአሥራ አንድ ደጅ፦ የላሊበላ የመሬት ውስጥ መንገድና የመግቢያው ሕግ

ላሊበላ ያለችበት ላስታ ባቡር ያልደረሰበት ደጋ ነው። ሆኖም ባቡር የገባባቸው ታላላቅ ከተሞች ሲመክሩበት የኖሩት አንድ ጥያቄ በላሊበላ ዐለት ላይ ከጥንት ጀምሮ መልስ አለው። ጥያቄው ይህ ነው፦ መንገደኛ አንድ ጊዜ ከከፈለ በኋላ ከመሬት በታች ያለውን መተላለፊያ ሁሉ በዚያው ክፍያ ይለፍ ወይስ በየደረሰበት በር እንደገና ይክፈል? ዛሬ ላሊበላን ለማየት የሚመጣ የውጭ አገር ጎብኚ የሚቆርጠው አንድ ትኬት ነው። ያ ትኬት አሥራ አንዱንም ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ በመካከላቸው ያሉትንም ቦዮችና የዋሻ መንገዶች ለተከታታይ ቀናት ያሳልፋል። ይህን የአስተዳደር ምቾት ብቻ አድርጎ ማየት ይቻላል። እኔ ግን ደንቡ ከቢሮ እንዳልመነጨ፣ ዐለቱን የፈለፈሉት ሰዎች ቀድመው የወሰኑት ነገር ውጤት እንደሆነ፣ የትኬቱንም ወሰን ያሰመረው የእነርሱ መሮ እንደሆነ እከራከራለሁ።

ነገሩን ለማጥራት የሌላውን ዓለም ልምድ መመልከት ይጠቅማል። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1846 የተሰየመ የንጉሣዊ መርማሪ ጉባኤ የባቡር ሐዲዶች ወደ መሀል ከተማው ዘልቀው እንዳይገቡ መከረ። በዚህም ምክንያት ዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች በከተማው ዳር ዳር ተበታትነው ቀሩ፤ ከአንዱ አቅጣጫ መጥቶ ወደ ሌላው የሚሄድ መንገደኛም ከተማውን በፈረስ ጋሪ ማቋረጥ ግድ ሆነበት። እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 1863 ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን የተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡር ከተወለደባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ችግር ነው። ዛሬም ለንደንን አቋርጦ በሚያልፍ የባቡር ትኬት ላይ የመስቀል መልክ ያለው ትንሽ ምልክት ይታተማል። ምልክቱ ያለበት መንገደኛ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ለመሻገር በምድር ውስጥ ባቡር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሄዳል፤ ከተማውን እንደልቡ እንዲዞርበት ግን አይፈቅድለትም። የእኛም አዲስ አበባ ከዚህ መርሕ አልራቀችም። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በጅማሬው ዋጋውን በርቀት ከፋፍሎ 2፣ 4 እና 6 ብር ያስከፍል በነበረበት ጊዜ፣ የሰሜን ደቡቡ መስመር አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ከመሬት በታች መግባቱ የራሱ ሂሳብ አልወጣለትም። በሁለቱም ከተሞች ክፍያው የሚከተለው ጉዞውን ነው። መንገዱ ሳይቋረጥ በየመሀሉ በር አቁሞ ማስከፈል ጉዞውን መበጣጠስ ይሆናል።

በዚህ ዓይን ላሊበላን እንመልከት። ቤተ መድኃኔዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግልና ከደብረ ሲና ጋር የተያያዘው ቤተ ጎልጎታ አንድ ክፍል ናቸው። ዮርዳኖስ ከሚባለው ወንዝ ማዶ ደግሞ፣ በምሥራቁ ክፍል፣ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስ፣ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ ልሔም አሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ከሁለቱም ተለይቶ ለብቻው ቢቆምም በቦይ ከቀሩት ጋር ይገናኛል። አንድ ሰው ከአንዱ ቅጥር ወደ ሌላው ሲያልፍ ቀና ብሎ የሚያየው ሰማይን ብቻ የሆነበት፣ አንዳንዴም ሰማዩ ራሱ የሚጠፋበት መንገድ ነው። በምሥራቁ ክፍል ተሳላሚዎች ያለ መብራት ግድግዳ እየዳሰሱ የሚሻገሩት የጨለማ ዋሻ አለ፤ ትውፊቱም የሲኦል ምሳሌ ያደርገዋል። እንግዲህ ጨለማው ትርጉም የሚያገኘው ከወዲያ ማዶ ብርሃን ሲጠብቅ ነው። ዋሻውን ከመውጫው፣ መውጫውንም ከቀጣዩ ቤተ መቅደስ ነጥሎ ዋጋ ማውጣት ሠሪዎቹ አንድ ያደረጉትን መክፈል ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከአርኪኦሎጂ የሚመጣ ነው፤ ክብደትም አለው። አርኪኦሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን አንዳንዶቹ ሕንፃዎች ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድሙ፣ መጀመሪያም ለቤተ ክርስቲያንነት ያልታሰቡ እንደሆኑ ተከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጥናትም የወለል ከፍታ ለውጦችን፣ ኋላ የተከፈቱ በሮችንና የተጣለ የፍልፋይ ክምርን መርምሮ ሥራው በየደረጃው እንደተከናወነ አሳይቷል። በሌላ በኩል በ1520ዎቹ ቦታውን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሁሉም በ24 ዓመት እንዳለቀ ከአገሬው ሰምቶ ጽፏል። እንግዲህ ሥራው የብዙ ትውልድ ከሆነ አንድነቱ ከየት መጣ? መልሱ በራሱ በጥናቱ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ቀድሞ የነበረን ክፍል ከአዲሱ ጋር ለማገናኘት ግድግዳ መብሳት፣ ወለል ዝቅ ማድረግ፣ ቦይ ማስረዘም አስፈልጓል። ይህ ሁሉ ድካም የተከፈለው ለማያያዝ ነው። አንድ እጅ በአንድ ዘመን ከፈለፈለው ይልቅ ብዙ እጆች ተራ በተራ ወደ አንድ መንገድ ያመጡት አንድነት የበለጠ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቦዮቹ የክረምቱን ዝናብ ለማፍሰስ የተቆፈሩ እንጂ የመንገድ ሐሳብ የሌላቸው ናቸው የሚል ነው። ውሃ ማፍሰሳቸው እርግጥ ነው፤ ከመሬት ወለል በታች የቆመ ሕንፃ ያለ ፍሳሽ መውጫ አንድ ክረምት አይሻገርም። ነገር ግን ለውሃ ብቻ የተቆፈረ ቦይ ደረጃ አያስፈልገውም፤ ግድግዳውም የመናንያን ማረፊያና የመቃብር ዋሻ ሆኖ አይፈለፈልም። አባቶች አንዱን ቦይ ለውሃውም ለሰውም አዘጋጅተውታል። ሁለት አገልግሎት መስጠቱ አንዱን አያፈርስም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጠንካራው ነው፦ ቤተ እግዚአብሔር ትኬት መቁረጡ ራሱ ተገቢ ነውን? እዚህ ላይ ታሪኩን በጥንቃቄ መለየት ያስፈልጋል። ለገና፣ ማለትም ታኅሣሥ 29 ለጌታ ልደትና ለቅዱስ ላሊበላ ልደት በዓል፣ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ በእግሩ ጭምር ተጉዞ የሚደርሰው ተሳላሚ ትኬት አይቆርጥም። እርሱ የሚያመጣው ስለቱን፣ ጧፉንና ዕጣኑን፣ ከሁሉ በላይ የመንገዱን ድካም ነው። ያም ሲሆን በአንዱ ደጅ ተሳልሞ አይመለስም፤ አንድ ጊዜ ከደረሰ ሁሉንም ይሳለማል፣ በቤተ ማርያም ቅጥር ቤዛ ኩሉ ሲዘመር ከላይም ከታችም ቆሞ ይሰማል። የአንዱ ትኬት ደንብ እንግዲህ የተሳላሚውን ልማድ ለጎብኚው በገንዘብ ተርጉሞ ያቀረበ ነው። ቦታው እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም አሥራ አንዱም በአንድ ስም ገቡ። ዋጋው እ.ኤ.አ. በ2013 ከ350 ብር ወደ 50 የአሜሪካ ዶላር ሲያድግ ጎብኚዎች መወደዱን አንሥተው ነበር፤ የመወደድ ክርክር ግን የመጠን ክርክር ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ብቻ አይቶ መሄድ የሚፈልግ ሰው ለምን ለአሥራ አንዱ ይከፍላል ቢባል፣ ቤተ ጊዮርጊስ ተለይቶ ቢቆምም ከቀሩት የተቋረጠ ሕንፃ ስላልሆነ ነው። እርሱን የሚንከባከበው አስተዳደር የቀሩትንም የሚጠብቅ ነው፤ ፎቶግራፍ የማይነሣላቸው ጠባብ ቦዮችም ጥገና ሊያገኙ የሚገባው ከዚያው ገቢ ነው።

የሕጉ ትክክለኛነት ይበልጥ የሚታየው ወሰኑ ላይ ነው። በላስታ ደጋ ሌሎችም የከበሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ከላሊበላ የሚቀድመው ንጉሥ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ያሠራው ይምርሃነ ክርስቶስ፣ ነአኩቶ ለአብ፣ ከከተማው በላይ ያለችው አሸተን ማርያም የየራሳቸው መግቢያ ክፍያ አላቸው። አንዳንዱ ጎብኚ ሁሉም የዛጉዌ ዘመን ቅርስ ከሆኑ በአንድ ትኬት ቢጠቃለሉ ምን ነበር ይላል። ነገር ግን ወደ እነዚህ የሚወስደው መንገድ በገበሬ ማሳና በተራራ ላይ ያልፋል፤ እያንዳንዱም የራሱ ካህናት፣ የራሱ ምእመናንና የራሱ ችግር ያለው ደብር ነው። በጋራ ትኬት ቢጠቃለሉ ገቢው ብዙ ሰው ወደሚጎርፍበት ወደ ከተማው ያደላና ገጠሩ ይደኸያል። ትኬቱ ቦዩ በሚያልቅበት ማለቁ ለእነርሱም ፍትሕ ነው።

ሌላም ወሰን አለ። ትኬቱ ማንንም ወደ መቅደሱ መጋረጃ ውስጥ አያስገባም፤ ሴቶች ወደ ቤተ ጎልጎታ እንዳይገቡ የሚከለክለውንም ሥርዓት አይሽርም፤ ጫማ ከማውለቅም አያድንም። ገንዘብ የሚገዛው በመንገዱ የማለፍን ፈቃድ ብቻ ነው። የለንደኑ ምልክት ለመሻገር ፈቅዶ ለመንከራተት እንደማይፈቅድ ሁሉ፣ የላሊበላው ትኬትም መተላለፊያውን ከፍቶ ቅድስናውን ለባለቤቱ ይተወዋል። ቤተ ክርስቲያን ቅድስናን ትሸጣለች ለሚለው ወቀሳ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ግዴታ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከሉት መጠለያዎች የተወሰኑትን አብያተ ክርስቲያናት ከዝናብ ይጋርዳሉ፤ ረጅሞቹ ቦዮችና መተላለፊያዎች ግን ለዝናቡም ለእግሩም እንደተጋለጡ ናቸው። የአንዱን ትኬት መብት የሚሰጠው መንገዱ ከሆነ፣ ከትኬቱ ገቢ የመጀመሪያው ድርሻ ለመንገዱ ጥገና መዋል አለበት፦ ለሚሸረሸረው ግድግዳ፣ ለሚደፈነው የውሃ መውጫ፣ ለሚያዳልጠው ደረጃ። አንድ ቦይ ተንዶ ከተዘጋ አብያተ ክርስቲያናቱ ቢቆሙም ላሊበላ ለሁለት ይከፈላል፤ ያን ጊዜ አንዱን ትኬት የሚደግፍ ምክንያት አይኖርም። ስለዚህ በጥገናው ዕቅድ ላይ ቦዩ ከቤተ ክርስቲያኑ እኩል ስሙ ይጻፍ፣ እኩል በጀትም ይያዝለት።