ባለቤቱ ማን ነው? የፀደይ የቤት ሥራና የባልና ሚስት ድርሻ በታሪክ ዓይን



ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት ስለ ወቅቱ ስም አንድ ነገር ልበል። አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር መስከረምን «ፀደይ» ማለት እየተለመደ መጥቷል። በአባቶቻችን ቆጠራ ግን መስከረም 26 ቀን የሚገባው መፀው ነው፤ ፀደይ መጋቢት 26 ቀን ገብቶ ሰኔ 25 ቀን ይወጣል። ልማዱ የሌላ አገር መጻሕፍት የሚያወድሱትን ወቅት በእኛ ዐደይ አበባ ላይ ከመለጠፍ የመጣ ይመስለኛል። ነገሩ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ጊዜያችሁን ባልወሰድኩም ነበር። ነገር ግን ወቅቱ ከስሙ ሲለይ፣ በወቅቱ ይሠራ የነበረው ሥራም አብሮ ይሰወራል። በደጋው አገራችን ፀደይ ቤት የሚታደስበት ጊዜ ነው። ከፊቱ ክረምት ቆሟል፤ የሳሳ ክዳንና የተሰነጠቀ ግድግዳ ሐምሌን አይሻገርም።

ሌላም መገጣጠም አለ። የትንሣኤ በዓል ከመጋቢት 26 ቀን ቀድሞ አይውልም፤ ከሚያዝያ 30 ቀንም አያልፍም። ስለዚህ ለፋሲካ ቤትን መጥረግ፣ መለቅለቅና ምድጃ ማደስ ሁልጊዜ በፀደይ መግቢያ አካባቢ ይውላል። በልግ በሚዘንብባቸው አካባቢዎች፣ ለምሳሌ በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋዎች፣ ለጭቃ የሚሆነው ውኃም በዚያው ሰሞን ይገኛል። በዓሉ፣ ዝናቡና የክረምቱ ሥጋት በአንድነት ባልና ሚስቱን ወደ ቤታቸው ግድግዳ ያዞሯቸዋል።

ታዲያ ይህን ሥራ በታሪክ መዛግብት ውስጥ ብንፈልገው ምን እናገኛለን? እጅግ ጥቂት። ዜና መዋዕሎቻችን ነገሥታት ያሳነጿቸውን አብያተ ክርስቲያናትና አብያተ መንግሥት ይተርካሉ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም የምኒልክን ግንባታዎች ሳይዘረዝሩ አላለፉም። የአንድ ባላገርና የሚስቱ ጎጆ በየዓመቱ እንዴት እንደሚታደስ የጻፈ ግን ብዙ አይገኝም። ስለዚህ የታሪክ ሰው ወደ ራሱ ወደ ሥራውና ወደ ቋንቋው መመለስ ይኖርበታል።

ከሥራው እንጀምር። ክዳኑ በተለምዶ የወንድ ሥራ ነው። ባል ሰምበሌጡን ያጭዳል፣ ያረጀውን ማገር ይለውጣል፣ ከዚያም ጎረቤቱን ለደቦ ይጠራል። ደቦው የመጣ ዕለት ጣራው ከማለዳ እስከ ማታ ይከደናል። ተመልካች የሚያየውም የሚያወራውም ይህንን አንድ ቀን ነው። ነገር ግን ደቦ ያለ ጠላ አይጠራም። ጠላው እንዲደርስ ገብሱ አስቀድሞ ተነክሮ መብቀል፣ ብቅሉ ደርቆ መፈጨት፣ ጌሾው መወቀጥ፣ ጥንስሱ መጠንሰስ፣ ድፍድፉም ጊዜውን ጠብቆ መብሰል ነበረበት። እንጀራውና ወጡ በዚህ ላይ ይታከላሉ። እንግዲህ የአንዱ ቀን ክዳን ከመጀመሩ ሳምንታት በፊት ሚስቲቱ ሥራ ላይ ነበረች። የጣራውን ሥራ ታሪክ ሰምበሌጥ ከታጨደበት ቀን ብንጀምረው ዘግይተናል፤ የሚጀምረው ገብስ ከተነከረበት ማታ ነው።

ምርጊቱ ደግሞ ከዚህ ይረቃል። አፈሩ ተቆፍሮ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ የጤፍ ጭድ ገብቶበት በእግር ይረገጣል፤ ከዚያም ለቀናት ተሸፍኖ ይቦካል። በሚገባ ያልቦካ ጭቃ በደረቀ ጊዜ ይሰነጠቃል። ጭዱ ጭቃውን እንደ ጅማት ይይዘዋል። በብዙ ቦታ ወንዶች ጭቃውን ረግጠው የመጀመሪያውን ሻካራ ምርጊት በማገሩ መካከል ይጠቀጥቃሉ፤ ማለስለሱና በእበት መለቅለቁ ግን የሴት እጅ ሥራ ነው። የእህሉን ጎታ የምታቆመው፣ ምድጃውንና መደቡን የምታበጀውም እርሷ ናት። ጭቃው መቼ እንደደረሰ የምታውቀው በጣቷ ነው። ይህን ዕውቀት «ባህላዊ» ብሎ ማለፍ የለመድነው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ስለሌለ ይመስለኛል፤ ስለ ሲሚንቶ ቢሆን ኖሮ «የቁስ ሳይንስ» እንለው ነበር።

አሁን ወደ ቋንቋው። አዲስ ተጋቢዎች ከወላጅ ቤት ሲለዩ «ጎጆ ወጡ» እንላለን፤ ትዳርና ቤት በአንድ ቃል ተያይዘዋል። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን «ባለቤት» የሚለው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ወንድ ሚስቱን «ባለቤቴ» ይላል፤ ሴትም ባሏን «ባለቤቴ» ትላለች። ቃሉ የቤት ጌታ ማለት ሆኖ ሳለ ለሁለቱም እኩል ያገለግላል። «እመቤት»ም ከግእዙ እመ ቤት፣ የቤት እናት፣ የመጣ የክብር ስም ነው። ከዚህ ተነሥቼ ጥንት እኩልነት ሰፍኖ ነበር አልልም፤ «አባወራ» የሚባል ቃልም አለን፤ ግብር የሚጠየቀውም በእርሱ ስም ነበር። የምለው ቋንቋው ሁለቱንም ባለቤት አድርጎ ሲጠራ፣ ወረቀቱ አንዱን ብቻ ጽፎ መኖሩን ነው።

ወረቀቱ በዘመናዊ ሕግ የተጠናከረው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 635 ባልን የቤተ ሰቡ የበላይ ያደርገዋል። የበለጠ የሚያነጋግረው ግን ብዙ የማይጠቀሰው አንቀጽ 646 ነው፤ ባል ለቤት ሥራ አገልጋይ ማቅረብ ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ግዴታ ይጥልባታል። ልብ በሉ፤ አብዛኛው ሕዝብ አገልጋይ ሊቀጥር ቀርቶ ቀንበር በሬ ማቆየት በከበደው አገር የተጻፈ ነው። ሥራው በሕግ ግዴታ ሆነ፤ ግዴታ የሆነ ሥራ ደግሞ እንደ አስተዋጽኦ ለመቆጠር ይቸግራል። ይህ ቋጠሮ በሕግ የተፈታው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። አዲሱ ሕግ በቤተ ሰብ አስተዳደር ሁለቱን እኩል አደረገ።

በዚህ መካከል ግን ጣራው ተለውጧል። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ቆርቆሮም በከተማው እየተስፋፋ ሄደ። ቋሚና ማገር የሚሆነውን ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማው ራሱ አበቀለው። ግድግዳው ግን ጭቃ እንደሆነ ቆየ። እዚህ ላይ የንግግሬ ዋና ነጥብ አለ። ቆርቆሮ በገንዘብ ይገዛል፤ ደረሰኝ አለው፤ ደረሰኙም የሚቆረጠው ገንዘቡን በያዘው ሰው ስም ነው። የባል ድርሻ የነበረው ጣራ ወደ ገበያ ሲገባ ዋጋ አገኘ። የሚስት ድርሻ የነበረው ምርጊት በየፀደዩ እንደ ቀድሞው ቀጠለ፤ ደረሰኝ ግን አልነበረውም። ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ «ቤቱን እኔ ነኝ የሠራሁት» የሚለው ክርክር ጉልበት ያገኘው ከዚህ ነው።

ከዚያ ሐምሌ 1967 መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቀደ፤ ኪራይንም ቀነሰ። አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸውን ቤቶች ቀበሌዎች እንዲያስተዳድሩ ተደረገ። ኪራይ ለከበደው ድኻ የነበረውን ጥቅም የማይቀበል ሰው ያንን ዘመን አልኖረበትም። ይሁን እንጂ የኪራዩ ገቢ ለጥገና አይበቃም ነበር፤ የቀበሌ ቤቶቹም አብዛኞቹ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ለጥገና ማመልከቻ ያስገባ ሰው መልሱን ሲጠብቅ ክረምት ይገባበት ነበር። ስለዚህ የግንቦት ቅዳሜዎች የምርጊት ቀናት ነበሩ፤ እናቶቻችን የመንግሥትን ግድግዳ በራሳቸው ጭድና በራሳቸው ጉልበት ይመርጉ ነበር፤ አባቶቻችን ቆርቆሮው ላይ ወጥተው የዛገውን ቀዳዳ ይደፍኑ ነበር። የእነዚህ ቤቶች ዕድሜ ከታሰበው በላይ የረዘመው በማን ወጪ እንደሆነ የሚያሳይ የሒሳብ መዝገብ የለም።

የዛሬው ጋብቻ በኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ በዕጣ ከሚደርሱት ቤቶችም 30 በመቶው ለሴቶች እንዲመደብ መደረጉ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቤቶቹ በብዛት የሚተላለፉት የውስጥ ሥራቸው ሳያልቅ ነው። ወለሉ፣ ቀለሙ፣ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ለነዋሪው ይተዋል። እንደገና ባልና ሚስት ዝናብ ሳይገባ ለመጨረስ ይጣደፋሉ፤ አንዱ ሴራሚክ ይገዛል፣ ሌላዋ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ለሠራተኞቹ ቡና ታፈላለች፣ ለአናጢው በር ትከፍታለች፣ ልኬቱን ትቆጣጠራለች። ተማሪዎቼ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲያጡ ወደ እነዚህ ብሎኮች እልካቸዋለሁ። ደረሰኞቹን ሰብስቡ፤ በማን ስም እንደተቆረጡ ቁጠሩ፤ ከዚያም ደረሰኝ የሌለውን ሥራ ማን እንደሠራ ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቁ እላቸዋለሁ።