«ወለምታ ነው» የተባለው ቁርጭምጭሚቴ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ከሦስት ዓመት በፊት ኳስ ስንጫወት ቀኝ እግሬ ወለም አለኝ። ወጌሻ አሸኝ። ራጅ ተነሣሁ፤ «ስብራት የለም፣ ወለምታ ነው» ተባልኩ። እብጠቱ ጠፋ፣ ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም። ደረጃ ስወርድ ውስጥ ለውስጥ ይወጋኛል። ባለፈው ወር በኤምአርአይ ሲታይ ታሉስ የሚባለው የቁርጭምጭሚት አጥንት ላይ ያለው ልም አጥንት (ካርቲሌጅ) ተሰንጥቆ፣ ከሥሩ ያለው አጥንትም ተጎድቶ ተገኘ። ሐኪሙ ለቀዶ ሕክምና ቀጠረኝና አንድ ነገር ጨመረ፦ «የሚበቅለው ግን እንደ ድሮው አይሆንም።»

ይቺ አነጋገር እንቅልፍ ነሣችኝ። ለምንድነው የማይሆነው? ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ ወደ ለንደን ወሰደኝ። እ.ኤ.አ. በ1743 ዊልያም ሃንተር የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ስለ መገጣጠሚያ ልም አጥንት ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ባጭሩ፦ ልም አጥንት አንዴ ከጠፋ አይመለስም። ምክንያቱ ዛሬ ይታወቃል። ቆዳችን ሲቆረጥ ደም ነው ጠጋኙን ይዞ የሚመጣው። ልም አጥንት ግን የደም ሥር የለውም። ታሉስ ደግሞ ከግማሽ በላይ ገጹ በልም አጥንት የተሸፈነ፣ አንድም ጡንቻ ያልተያያዘበት አጥንት ነው። ደም የሚገባበት በር ጠባብ ነው ማለት ነው።

በ1880ዎቹ መጨረሻ ፍራንዝ ኮኒግ የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም መገጣጠሚያ ውስጥ ተላቀው የሚንቀሳቀሱ ቁርጥራጮችን ሲመረምር፣ የሚያላቅቃቸው ብግነት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ለበሽታው ስም አወጣለት። በ1922 ማክስ ካፒስ ይኸው ነገር ቁርጭምጭሚት ላይም እንዳለ ጻፈ። ብግነቱ በኋላ ሲፈለግ አልተገኘም፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አለ!

ታዲያ መንስኤው ምንድነው? በ1959 በርንትና ሃርቲ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የአስከሬን እግር ወስደው ልክ እንደ ወለምታ አጣመሙት፤ ታሉስ ላይ ያው ጉዳት ወጣ። ጉዳቱንም በአራት ደረጃ ከፈሉት፦ መጀመሪያ አጥንቱ ይጨፈለቃል፣ ቀጥሎ በከፊል ይላቀቃል፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ተላቆ ቦታው ላይ ይቀመጣል፣ በመጨረሻም ከቦታው ይወጣል። እንግዲህ «ወለምታ ብቻ» የሚባለው ነገር ሁሌም «ብቻ» እንዳልሆነ ከተጻፈ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ማወቁ አንድ ነገር ነው፤ መግባቱ ሌላ። በ1931 ማይክል በርማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በትንሽ ቀዳዳ መገጣጠሚያዎችን በመነጽር ማየት ሲሞክር፣ ቁርጭምጭሚት በጣም ጠባብ ስለሆነ አይሆንም ብሎ ደመደመ። ይህን ያፈረሰው ጃፓናዊው ማሳኪ ዋታናቤ ነው። ቀጫጭን መሣሪያ ይዞ በ1972 የ28 ቁርጭምጭሚቶችን ምርመራ ለዓለም አሳወቀ። ያኔ ትልቅ ቁስል ሳይከፈት መግባት ተቻለ።

ከገቡ በኋላስ ምን ይሠራል? እኔን የገረመኝ እዚህ ላይ ነው። ሃንተርን ማሸነፍ ሲያቅት ዘወር ብለው አለፉት። እንግሊዛዊው ኬኔት ፕሪዲ፣ እሱም በ1959፣ ልም አጥንቱ ያለቀበትን የጉልበት አጥንት በመሰርሰሪያ በሳው። ልም አጥንቱ ደም ከሌለው ደሙን ከአጥንቱ መቅኒ እናምጣለት ነው ነገሩ። በ1980ዎቹ አሜሪካዊው ስቴድማን ይህንኑ በትንንሽ ወስፌ አሻሻለው። ወደ ቁርጭምጭሚትም ተሻገረ። ለእኔም የታሰበው ይሄው ነው።

ደሙ ይመጣል፣ ይረጋል፣ ቀዳዳውን ይሞላል። የሚበቅለው ግን ጠባሳ መሰል ልም አጥንት ነው፤ እንደ መጀመሪያው አይለሰልስም፣ ጫናም እንደሱ አይችልም። የሐኪሜ ቃል ትርጉም ይሄ ነበር። በ1990ዎቹ ሃንጋሪያዊው ሃንጎዲ ከጉልበት ጤነኛ ልም አጥንት ከነአጥንቱ እየቀዳ ታሉስ ላይ መትከል ጀመረ፤ ስዊድኖች ደግሞ በ1994 የራስን ሕዋስ አባዝቶ መመለስን በጉልበት አሳዩ። ሁለቱም ዋጋ አላቸው፦ አንዱ ጤነኛ ጉልበት ይነካል፣ ሌላው ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምናና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

ማክሰኞ እገባለሁ። ዱሮ የነበረኝን እግር እንደማላገኝ አውቄ ነው የምገባው። የሚገርመው፣ ይህን ካወቅኩ በኋላ ፍርሃቱ ቀለለኝ። የሚደረግልኝ ተአምር ሳይሆን ልጥፍ ነው፤ ደህና ልጥፍ ደግሞ ብዙ ያስኬዳል።

ለእናንተም አንድ ነገር፦ አብዛኛው ወለምታ በራሱ ይድናል፣ አትሸበሩ። ወራት አልፎም የሚወጋችሁ ከሆነ ግን «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብላችሁ ዝም አትበሉ። ራጅ ልም አጥንትን አያሳይም። እኔ ሦስት ዓመት ዝም አልኩ።

በጸሎት አስቡኝ።