ድምፅን ዝቅ ማድረግ

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ከባድ ስሜት ከባድ ቃል ይፈልጋል» እያልኩ ተማሪዎቼን አደክም ነበር። ይህን እምነቴን ያፈረሰብኝ መጽሐፍ አይደለም፤ አንድ የሶል ዘፈን ነው። የአል ግሪን «ሌትስ ስቴይ ቱጌዘር»። አብረን እንኑር ማለት ነው፤ በቃ፣ ሌላ ፍልስፍና የለውም።

ዘፈኑ የተቀረጸው በ1971 (እ.ኤ.አ.) ሜምፊስ ከተማ፣ ቀድሞ ሲኒማ ቤት በነበረው ሮያል ስቱዲዮ ነው። ዜማውን አዘጋጁ ዊሊ ሚቸልና ከበሮ መቺው አል ጃክሰን አበጁት፤ ግጥሙን ግሪን ጻፈ። ግሪን ከወንድሞቹ ጋር መዝሙር እየዘመረ ያደገ ሰው ነውና ጉሮሮው ለጩኸት አያንስም። ሚቸል ግን ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ወተወተው። ከበሮው ደፈን፣ ኦርጋኑ ለስለስ አለ፤ ዘፋኙም ጆሮ ሥር ያንሾካሽክ ጀመር። በ1972 መጀመሪያ ዘፈኑ የአሜሪካን ሰንጠረዥ መራ።

ምስጢሩ ምንድን ነው? የሚጮህ ሰው የሚናገረው ለአዳራሹ ነው፤ የሚያንሾካሽክ ግን ለአንድ ሰው ብቻ። ሰሚው ሁሉ ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ ይላል።

እኔ ደግሞ እቤቴም አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴን በክርክር ረትቼ የተኛሁበት ሌሊት ሁሉ ብርድ ነበር። አንድ ማታ፣ ሙግቱ ሲግል፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሻይ ላፍላ?» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ግን ተነስታ ሁለት ብርጭቆ አወጣች።