ዕቃ ቤቱ የት ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አነስተኛ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰርቨሮች ነበሩት። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ አንደኛው አልነሣ አለ። ተጠርቼ ሄድኩ። ኃላፊው ረጋ ብለው «ሌላው ደህና አይደል? ሥራውን ወደ እሱ አዙረዋ!» አሉኝ።

ጥያቄው ትክክል ነበር። መልሱ ግን አሳፋሪ ነው፤ ማዞር አይቻልም። በሞተው ማሽን ላይ ይሠሩ የነበሩት አምስት ቨርቹዋል ማሽኖች ዲስካቸው እዚያው የሞተው ሣጥን ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ጤነኛው ሰርቨር ጉልበት አለው፣ ሜሞሪ አለው፣ የሚያነሣው ነገር ግን የለውም። ሦስት ቀን ሙሉ ዲስክ ስንፈታና ስንገጥም ከረምን። ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» እየተባለ ተመለሰ። ሁለት ሰርቨር መግዛት ሁለት ሰርቨር መኖር ማለት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ዋናው ጥያቄ «ስንት ማሽን አላችሁ?» አይደለም፤ «ዕቃ ቤታችሁ የት ነው?» የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለሐይቁ ዳር ሰዎች አዲስ መሆን አልነበረበትም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከባሕር ዳር ወደብ በጀልባ ተነሥታችሁ ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም ራቅ ብላችሁ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሂዱ። ብራናው፣ መስቀሉ፣ ዘውዱ የሚያድረው ዕቃ ቤት ነው። ዳጋ የነገሥታት አፅም ጭምር ተቀምጦበታል፤ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ከእነዚህ መካከል ናቸው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነትም ሆነ ከዚያ በኋላ በነበሩት ክፉ ቀኖች፣ የብስ ላይ ያሉ አድባራት ንዋያቸውን በታንኳ እየጫኑ ወደ ደሴቶቹ አሻግረዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሥራ የሚሠራበት ቦታና ሀብት የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ከሆኑ፣ አንዱ ሲቃጠል ሁለቱም ይቃጠላሉ።

የኮምፒውተር ዓለም እዚህ ሐሳብ ላይ የደረሰው ዘግይቶ፣ መጀመሪያም በሌላ ምክንያት ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዲስክ ውድ ነው። በ1982 የተቋቋመው ሰን ማይክሮሲስተምስ ለእያንዳንዱ መሐንዲስ አንድ ኮምፒውተር መሸጥ ይፈልጋል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ትልቅ ዲስክ መጨመር ግን ዋጋውን ይሰቅለዋል። ስለዚህ በ1984 ኤንኤፍኤስ የሚባለውን ዘዴ ሠሩ። ዲስኩ አንድ ማሽን ላይ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ በኔትወርክ ይጠይቁታል። ፕሮግራሙ «ይህን ፋይል ክፈትልኝ» ሲል ፋይሉ አጠገቡ ይሁን በሌላ ክፍል አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ሰን አሠራሩን ለራሱ ደብቆ አልያዘውም። በ1989 ዝርዝሩ ማንም ሊያነበው በሚችል ይፋዊ ሰነድ ወጣ፤ ተፎካካሪዎቹም ሠሩበት። ዕድሜውን ያረዘመው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ከቀድሞዎቹ የኤንኤፍኤስ ውሳኔዎች አንዱ ለእኛ አገር የታሰበ ይመስላል። ማከማቻው ማን ምን እንደጠየቀው አያስታውስም። እያንዳንዱ ጥያቄ በራሱ ሙሉ ነው። ስለዚህ ማከማቻው መብራት ሄዶበት ወድቆ ሲነሣ፣ ጠያቂው ማሽን ያንኑ ጥያቄ እየደጋገመ ይጠብቀውና ካቆሙበት ይቀጥላሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው ቨርቹዋል ማሽን ነው። አንድን ትልቅ ኮምፒውተር ብዙ አስመስሎ መከፋፈል አይቢኤም በ1972 በትልልቅ ማሽኖቹ ለገበያ ያቀረበው ነገር ነው። ወደ ተራው ሰርቨር የገባው ግን ቪኤምዌር ኢኤስኤክስን በ2001 ሲያወጣ ነው። በ2003 አንድ ቨርቹዋል ማሽን ሳይጠፋ፣ እየሠራ፣ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው መሻገር ቻለ። ይህ አስማት የመሰለ ነገር አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ሁለቱም ሰርቨሮች አንዱን ዲስክ ማየት አለባቸው። የሚሻገረው ነፍሱ ነው፤ ሥጋው በዕቃ ቤቱ እንዳለ ይቆያል። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ የጋራ ማከማቻ በፋይበር የሚገናኝ ውድ ዕቃ ነበር። በ2006 ግን ቪኤምዌር ኤንኤፍኤስንም ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ተራ የሊኑክስ ማሽን ዕቃ ቤት መሆን ይችላል። በ2008 የመጣው፣ ያለ ፈቃድ ክፍያ መጠቀም የሚቻለው ፕሮክስሞክስ ደግሞ ነገሩን ለድሀ መሥሪያ ቤት ጭምር አወረደው።

አሠራሩ ራሱ አጭር ነው። ዕቃ ቤት በሚሆነው ማሽን ላይ ፎልደር ትፈጥራላችሁ፤ «ኤክስፖርትስ» በሚባለው ፋይል ውስጥ የትኛው ፎልደር ለየትኛው አድራሻ እንደሚከፈት በአንድ መስመር ትጽፋላችሁ። በኢኤስኤክስአይ ሰርቨሩ ላይ ደግሞ «ኢኤስኤክስሲኤልአይ ስቶሬጅ ኤንኤፍኤስ አድ» ብላችሁ ሦስት ነገር ትሰጡታላችሁ፤ የማከማቻውን አድራሻ፣ የፎልደሩን መንገድ፣ የምታወጡለትን ስም። በ«አድ» ፋንታ «ሊስት» ስትሉ መያያዙን ያሳያችኋል። ፕሮክስሞክስ ላይ «ፒቪኢኤስኤም አድ ኤንኤፍኤስ» ነው፤ አንዴ ከተጻፈ ክላስተሩ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያውቁታል።

«በማውዝ ጠቅ አድርጎ መጨረስ እያለ ለምን ኮማንድ ላይን?» የሚለኝ አይጠፋም። አንደኛ፣ መስመሩ ደካማ ሲሆን ያ ባለ ብዙ ሥዕል ገጽ አይከፈትም፤ ጽሑፍ ግን ያልፋል። ሁለተኛ፣ የተጻፈ ትእዛዝ መዝገብ ነው። እኔ ሥራ ብለቅ የሚተካኝ ልጅ ምን እንዳደረግሁ አንብቦ ይደግመዋል። ጠቅታ ምስክር የለውም።

ሰዎች የሚሳሳቱት መሥመሩን መጻፍ አቅቷቸው አይደለም። የሚሳሳቱት እነዚህ ላይ ነው፦

አንደኛ፣ ስሙ። በአንዱ ሰርቨር ላይ ማከማቻውን በአይፒ ቁጥር፣ በሌላው ላይ በስም ካስገባችሁት፣ ኢኤስኤክስአይ ሁለት የተለያዩ ማከማቻዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ዕቃ ቤቱ አንድ ሆኖ ሳለ ማሽኖቹ አይስማሙም። በሁሉም ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን።

ሁለተኛ፣ በሩ። ኢኤስኤክስአይ ማከማቻውን የሚነካው እንደ ሩት ነው። ሊኑክሱ በልማዱ ሩትን ከሩቅ ሲመጣ ተራ እንግዳ ያደርገዋል፤ ስለዚህ «ኖ ሩት ስኳሽ» ብላችሁ መፍቀድ ግድ ነው። ይህ ማለት የዕቃ ቤቱን ቁልፍ መስጠት ነው። ቁልፉን ለሁለቱ ሰርቨሮች አድራሻ ብቻ ስጡ፤ ለመላው ኔትወርክ የከፈተ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ገበያ እንደሄደ ነው። የማከማቻው መስመርም ከሠራተኛው ኮምፒውተር መስመር ይለይ።

ሦስተኛ፣ የፓኬቱ መጠን። 9000 ባይት የሚያሳልፍ መስመር እንሠራለን ብላችሁ አንዱን ስዊች ከረሳችሁ፣ ማከማቻው ይያያዝና ትልቅ ፋይል ሲመጣ ይደርቃል። ከማያያዛችሁ በፊት እንዳይከፋፈል ከልክላችሁ በ8972 ባይት ፒንግ አድርጉ፤ ካለፈ መንገዱ ንጹሕ ነው።

አራተኛ፣ ተራው። መብራት ሲመለስ ዕቃ ቤቱ መጀመሪያ ይነሣ፣ ሰርቨሮቹ ቀጥለው። ኢኤስኤክስአይ የጠፋበትን ማከማቻ በልማዱ 140 ሰከንድ ያህል በተስፋ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቹን መመለስ ይጀምራል። ማከማቻው ጥሩ ዩፒኤስ ከሌለው ከሁሉ በፊት እሱን ግዙ።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ፤ ምክንያቱም ይህን ሁሉ በትክክል ሠርቶ የሚጠፋ ሰው አይቻለሁ። የጋራ ማከማቻ ሠራና ነገሩ አለቀለት መሰለው። አላለቀም።

ዐፄ ቴዎድሮስም የጋራ ዕቃ ቤት ሠርተው ነበር። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰቡትን ብራናዎች መቅደላ ላይ አከማቹ። ሐሳቡ ታላቅ ነበር ማለት ይቻላል፤ ተበትኖ የነበረው የጽሑፍ ሀብት በአንድ ጠንካራ አምባ ላይ፣ በአንድ ጥበቃ ሥር ሊቀመጥ። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሰብሮ ገባ። የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ይነገራል። ከብራናዎቹ 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። በየደብሩ ተበትነው ቢሆን አንድ ጦር በአንድ ቀን ሁሉንም አያገኛቸውም ነበር። መሰብሰብ ጉልበት ይሰጣል፤ ሁሉን በአንድ ቦታ ያለ ቅጂ መሰብሰብ ግን ለጠላትም ለአደጋም ሥራውን ያቀልለታል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ መንገድ ተያዘ። ኤርንስት ሐመርሽሚት የታና ደሴቶችን ብራናዎች በፊልም አንሥቶ ከ1973 ጀምሮ ካታሎጋቸውን አሳተመ። በዚያው በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤትና የአሜሪካ ተቋማት ተባብረው። ብራናው ከቦታው አልተነቀለም። ፎቶው ግን አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት እንዲህ ተነሡ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ካታሎጋቸውን በማዘጋጀት አሳለፉ። ዋናው በባለቤቱ እጅ፣ ቅጂው ከሩቅ። ባክአፕ ማለት ይህ ነው።

«ታዲያ ሁሉን ወደ ክላውድ ለምን አንልክም?» ትሉኝ ይሆናል። በነሐሴ 2023 በክልላችን ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሲቆይ መልሱን ሁላችንም ኖረነዋል። ፋይሉ ውጭ አገር ደህና ተቀምጧል፤ እኛ ግን አናየውም። በዚያው ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ ኬብል የዘረጋና የራሱ ማከማቻ የነበረው ሰው ሥራውን ይሠራ ነበር፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚሄድ መረጃ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅምና። ክላውዱ እንደ ኮሌጅቪል ነው፤ ለቅጂ መልካም ነው፤ ለዕለት እንጀራ ግን አይሆንም።

ስለዚህ ምክሬ ሦስት ነው። የምትሠሩበትን ማሽን ከዕቃ ቤቱ ለዩ፤ ያኔ አንዱ ሲሞት ሌላው ይነሣል። ዕቃ ቤቱን በቅርብ፣ በራሳችሁ ግቢ አድርጉ፤ መስመር ሲቆረጥ አትራቡም። ቅጂውን ደግሞ ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ ከተማ አኑሩ፤ አምባው ሲሰበር ሁሉ አብሮ አይሄድም። ቅጂውንም በየጊዜው መልሳችሁ አንሡት፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ምኞት ነው።

ያ መሥሪያ ቤት? አሮጌ ማሽን አጽድተን፣ አራት ዲስክ ገጥመን፣ ሁለቱንም ሰርቨሮች አያያዝናቸው። ከዚያ ወዲህ አንዴ አንደኛው ሰርቨር እንደገና ወድቋል። ኃላፊው ደወሉልኝ፤ ሊነግሩኝ እንጂ ሊጠሩኝ አልነበረም።

ነገ ቢሮ ስትገቡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ዕቃ ቤታችን የት ነው? መልስ የሚሰጣችሁ ሰው ከጠፋ፣ ሥራው ከዚያ ይጀምራል።