የጨለማው ጫካ መላምት

ህዋ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ ከሌላ ዓለም አንድም ድምፅ ያልሰማነው ለምንድን ነው? የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚ እ.ኤ.አ. በ1950 ይህን ጥያቄ በምሳ ጨዋታ መሐል አነሳው፤ የፌርሚ እንቆቅልሽ እየተባለ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከተሰጡት መልሶች አስፈሪው «የጨለማው ጫካ መላምት» ነው። ስሙ የመጣው ቻይናዊው ሊዩ ሲሺን እ.ኤ.አ. በ2008 ካሳተመው «ጨለማው ጫካ» ከተሰኘው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው፤ «የሦስት አካላት ችግር» ብሎ የጀመረው ባለ ሦስት ቅጽ ታሪክ ሁለተኛው ክፍል ነው።

ሐሳቡ ከሁለት ነጥቦች ይነሣል። የማንኛውም ሥልጣኔ ቀዳሚ ጉዳይ በሕይወት መቆየት ነው፤ ሥልጣኔ ደግሞ እየሰፋ ሲሄድ የህዋ ሀብት ያው የነበረው ነው። ከዚያ «የጥርጣሬ ሰንሰለት» ይከተላል። ያኛው ወገን ደግ ነው ብዬ ባምን እንኳ፣ እሱ እኔን ማመኑን በምን አውቃለሁ? እኔ እንደማምነውስ እሱ በምን ያውቃል? ምድር ላይ ቢሆን ሽማግሌ ገብቶ ያነጋግረን ነበር። ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርብ የሚባለው ኮከብ ግን ከ4 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል፤ ጠይቆ መልስ ለመስማት 8 ዓመት አይበቃም። ዛሬ ደካማ የመሰለው ደግሞ እስከዚያው በቴክኖሎጂ ሊቀድመኝ ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ጠመንጃውን ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ በጨለማ የሚያደባ አዳኝ ይሆናል። ድምፅ ያሰማ ይተኮስበታል።

 

«መላምት» የተባለው ስላልተረጋገጠ ነው። የሚተኩስስ ያለበትን ቦታ አያጋልጥም ወይ? ይህ ጥያቄ ለእኔ የመላምቱ ደካማ ጎን ነው። ሆኖም ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ከአሬሲቦ ቴሌስኮፕ 25,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ወደሚርቅ የከዋክብት ክምችት መልእክት መላካቸውን ሲያስቡት ትንሽ ያስደነግጣል።

መላምቱ ሙሉ ሆኖ የሚገለጠው በሁለተኛው መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያውን ሳያነቡ ግን አይጀምሩት፤ ባለታሪኩ ሉዎ ጂ በምናቡ የፈጠራትን ሴት የሚያሳድድበት ረጅም ምዕራፍ ቢያሰለችዎትም ይታገሡ።