እንዶድ (በቢልሃርዚያ መከላከል)

እንዶድ ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ሲመታ እንደ ሳሙና የሚያረፋ፣ ኢትዮጵያውያን ከጥንት ጀምሮ ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት ተክል ነው። በሕክምና ምርምር ስሙ የተነሣው በ1964 (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት የወንዝ ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ካዩ በኋላ ነው። ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚያድገው በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ፣ ነገሩ እንደ ተራ ትዝብት የሚታለፍ አልነበረም። ገዳዩ በፍሬው ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሆኖ ተገኘ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በእንዶድ ቀንድ አውጣዎችን ለመግደል በተካሄደው ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከ63 ወደ 33 በመቶ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይበልጥ የሚመዝነው የሕፃናቱ አኃዝ ነው፤ የቆየ ሕመም ሳይሆን አዲስ መያዝ መቀነሱን ያሳያልና።

እንዶድ ዓሣም ይገድላል የሚለው ወቀሳ እውነት ነው፤ ግን ቀንድ አውጣን ለመግደል የሚውለው ኒክሎሳማይድ የተባለ ኬሚካልም ዓሣ አይምርም፣ የእንዶዱ መርዝ ደግሞ በውኃ ውስጥ ቶሎ ይከስማል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን እያለ ወንዝ ማከም ለምን ያስፈልጋል የሚል ነው። ክኒኑ በሽተኛውን ያድናል፤ ወንዝ ተመልሶ የገባን ሰው ግን ዳግም ከመያዝ አይጠብቅም። እርግጥ እንዶድም ያለ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት ብቻውን አይበቃም። አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በአክሊሉ ስም ይጠራል።