ወደ ደመናው የወጣ መለኪያ

መብረቅ ሁሉ ምድርን አይመታም፤ የሚበዛው በዚያው በነጎድጓዳማው ደመና ውስጥ በርቆ የሚቀር ነው። የካምብሪጁ ሊቅ ሲ.ቲ.አር. ዊልሰን መብረቅ በበረቀ ቁጥር በመሬት ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ በድንገት መለዋወጡን ለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ1916 እና በ1920 ባወጧቸው ጥናቶች የደመናው አናት ፖዘቲቭ፣ ታችኛው ክፍል ኔጋቲቭ ነው ሲሉ ደመደሙ።

ጆርጅ ሲምፕሰን ግን ይህን አልተቀበሉም። እ.ኤ.አ. በ1909 በህንድ አገር ሳሉ፣ የዝናብ ጠብታ ሲሰበር ፖዘቲቭ እንደሚሆን አሳይተው ስለነበር፣ ፖዘቲቩ ከታች መሆን አለበት ብለው ተከራከሩ። ሁለቱም ደመናውን የሚመረምሩት ከምድር ሆነው ነበርና ክርክሩ ዓመታት ፈጀ።

በመጨረሻ ሲምፕሰን ራሳቸው ከኤፍ.ጄ. ስክሬዝ ጋር በመሆን፣ ለንደን አጠገብ ከነበረው ከኪው የምልከታ ጣቢያ መለኪያ የተሸከሙ ፊኛዎችን ወደ ደመናው ሰደዱ። የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ በኬሚካል በተነከረ ወረቀት ላይ ምልክቱን ይተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 የታተመው ውጤት በዋናው ነገር ለዊልሰን ፈረደ፤ ለሲምፕሰን የተረፈላቸው በደመናው ግርጌ የተገኘው አነስተኛ የፖዘቲቭ ክፍል ብቻ ነበር።

የገዛ ሐሳቡን የሚያፈርስ ውጤት ሳይሸሽግ ያሳተመ ባለሙያ፣ ለሙያ ባልደረቦቹ ከመሣሪያው የማያንስ ቅርስ ትቷል።